ጨዋው ጎማ

ላቫጆው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «እትዬ ለምን» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ውሃ የሚረጨው ሰውዬ ነው ይባላል፤ እሱ ግን «እኔ ምን አገባኝ፣ በገዛ አፏ ነው ያወጣችው» ብሎ ይክዳል። እውነቱን ነው። ከእሷ ጋር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ቢያንስ ሦስት ጥያቄ ሳይቀርብለት አይሄድም። ለምንድን ነው የሾፌሩ ወንበር በአንድ በኩል ብቻ የተበላው? ለምንድን ነው ስፖኪዮህን ወደ ሰማይ ያዞርከው? ለምንድን ነው የቀኝ ጫማህ ተረከዝ ከግራው ቀድሞ ያለቀው? የመጨረሻው ለእኔ የቀረበ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጫማዬን ሳገላብጥ ከረምኩና ባለቤቴ «ደህና ነህ?» አለችኝ።

ስለ እሷ የምጽፈው በደንብ ስለማውቃት አይደለም፤ ስላሳፈረችኝ ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ስደረድር ኖሬያለሁ፤ የተጻፈና ቀን ያለበት ነገር ካየሁ አምናለሁ። ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ ሲያልቅበት እንደሚቆም ብቻ ነው። አባቴን ለመክሰስ ግን ይህ እውቀት በቂ መስሎኝ ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ እሷን ላስተዋውቅ።

ሥራዋ ጎማ ማጠብ ነው። በላቫጆው ውስጥ አንዱ በቧንቧ ይረጫል፣ ሌላው የመኪናውን ገላ በሳሙና ያሻል፣ ሦስተኛው ውስጡን ይጠርጋል። አራቱ ጎማዎች የእሷ ናቸው፤ ማንም ሊቀማት ሞክሮ አያውቅም። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ ቸርኬው ላይ የሚጋገረው ጥቁር ብናኝ አንዴ ጥፍር ውስጥ ከገባ ሳምንት አይወጣም። እሷ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጣለች፣ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ትሸፍናለች፣ ከዚያ ማንኛውንም ነገር ከመንካቷ በፊት ቸርኬውን በውሃ ታረጥበዋለች። ደረቁን ማራገፍ አትወድም።

«ይሄ የመንገድ አቧራ አይደለም» ትላለች። «ሳንባዬ ውስጥ ገብቶ ቤት እንዲከራይ አልፈቅድለትም።»

«ታዲያ የምን አቧራ ነው?» ብሎ የጠየቃት ሰው የዚያን ቀን ቀጠሮውን ይሰርዝ። እኔ ሳላስበው ጠይቄ ቁጭ ብዬ ተማርኩ። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ዲስክ ሁለት ሸራዎች ከዚህና ከዚያ ይጨብጡታል። ሲጨብጡት እነሱም ይፋቃሉ፣ እሱም ትንሽ ትንሽ ይፋቃል። ጥቁሩ ብናኝ የዚህ ፍጭት ውጤት ነው። ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ ቸርኬው ላይ ይጣበቃል፤ ብረት ስላለበት ደግሞ ውሃ ሲያገኝ እዚያው እተጣበቀበት ይዝጋል። ሰዎች ቸርኬያቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያዩ «ዛገብኝ» ብለው ይደነግጣሉ።

«ቸርኬው አልዛገም» ትላቸዋለች። «የዛገው እንግዳው ነው።»

ዲስኩ ራሱስ? እሱ ቀለም ያልተቀባ ራቁቱን ያለ ብረት ነው። ዛሬ ታጥቦ ወይ ዝናብ መትቶት ካደረ ነገ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይገኛል። በዚህ የተነሳ በሳምንት አንድ ሰው ሳያጣ «መኪናዬን አዛጋችሁት!» እያለ ደሙ ፈልቶ ይመጣል። እሷ ከሳጥኗ ሳትነሳ «እስከዚያ ጥግ ድረስ ንዳና ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ያዝ፤ ከዚያ ተመልሰህ ስደበኝ» ትለዋለች። ሸራው ዝገቱን ጠርጎ ዲስኩን እንደ መስታወት ስለሚያደርገው እስከ ዛሬ ሊሰድባት የተመለሰ የለም።

ይህን ሁሉ ያወቀችው በራሷ ጥፋት ነው፤ ስትናገረውም አታፍርም። ላቫጆው ከመግባቷ በፊት አሥራ አራት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ አጥባለች። እዚያ ትልቅ የብረት መጭመቂያ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳይዝግ ዘይት በነካ ጨርቅ ታሸው ነበር። አዲስ ማሽን መጥቶ ሰው ሲቀነስ ወደ ጎማው መጣች። በመጀመሪያው ወር አንድ ነጭ መኪና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ባለቤቱን እየጠበቀ ሳለ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቃ ብታይ ዲስኩ ቡናማ ሆኗል። ለባለቤቱ አዘነች። የፊቶቹን ሁለቱንም ዲስኮች ዘይት በነካ ጨርቅ አድርጋ እንደዚያ መጭመቂያ አሳመረቻቸው። ሰውዬው መጣ፣ አመሰገነ፣ አስነሳ፣ በሩ ጋ ፍሬን ያዘ። መኪናው ግን አልቆመም። ተንሸራቶ ሄዶ የውሃ ታንከሩን በአፍንጫው ሳመው። ሰው አልተጎዳም፤ ግቢው ግን ለሦስት ቀን ያለ ውሃ ዋለ።

ሌላ ሰው ቢሆን እቃውን ጠቅልሎ ይጠፋል። እሷ መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊት ያለው ፍሬን ሠሪ ዘንድ ሄደችና «ለምን?» አለችው። ፍሬን ሠሪው ፊቱ የማይፈታ፣ ከሰው ይልቅ ከመፍቻ ጋር የሚግባባ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን አባረራት። በማግስቱም አባረራት። በሦስተኛው ቀን መብራት ያዢልኝ አላት። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳዋን የምትበላው እሱ ጋራዥ ውስጥ፣ በተፈቱ ፍሬኖች መካከል ነው።

ከሆስፒታሉ ይዛው የመጣችው አንድ ደንብ አለ። እዚያ ማንኛውም አንሶላ ውሃ ከመንካቱ በፊት ይታያል፤ ምን እንደነካው ሳይታወቅ አይነከርም። ደም በሙቅ ውሃ ከታጠበ ይጋገራል፣ ሌላው ደግሞ በቀዝቃዛ አይለቅም። «እድፉን ጠይቀሽው ነው የምታጥቢው» ትላለች። ላቫጆው ውስጥ ግን ይህ ደንብ አይሠራም። መኪናው ገና ከበሩ ሲገባ ያ ሰውዬ በቧንቧው ይቀበለዋል፤ ጎማው እሷ ጋ ሲደርስ የሚጠየቀው ነገር ግማሹ በቦዩ ሄዷል። ስለዚህ ነገር ሁልጊዜ ታጉረመርማለች፤ ሰሚ ግን አላገኘችም።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ።

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጭረት የለበትም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ያቺን በዕድሜ ከእኔ ትዳር የምትበልጥ ትንሽ መኪናውን ይዞ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላቫጆ ይወስዳታል፣ በቀሩት ቀናት ከሰዓት በኋላ በጨርቅ ቸርኬዎቿን ይወለውላል። አውቶቡሱ ላይ የለመደው ነው፤ «ልጆች ቆሻሻ ጎማ አጠገብ አይሰለፉም» ይል ነበር። ለጎማዎቹ ጠባይ አውጥቶላቸዋል። የቀኝ የፊቱን «ጨዋው» ይለዋል፣ ስለማይቆሽሽ። የግራ የፊቱ «ዱርዬው» ነው፤ በየቀኑ ጥቁር ለብሶ ይመጣል። «አንድ ቤት አድገው አንዱ ጨዋ፣ አንዱ ዱርዬ» ይልና እኔንና እህቴን እያየ ይስቃል። የትኛው እንደሆንኩ ነግሮኝ አያውቅም።

ያለፈው ዓመት ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ ከፊት ለፊት የመጣ መኪና ስፖኪዮ ገጨ። ቀጥሎ የጎረቤታችንን የአበባ ማሰሮዎች፣ በግራ በኩል የነበሩትን፣ ሦስቱንም ፈጃቸው። ከዚያ ፋርማሲው ጋ ፍሬን ሲይዝ የመንገዱን የመሃል አጥር ታክኮ ቆመ። ያን ቀን ከጎኑ ተቀምጣ የነበረችው የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት። ምንም አልሆነችም፤ ቤት ስትገባ ግን «አያቴ መኪናውን ወደዚያ ወሰደው» አለች። እህቴ በስልክ አለቀሰች። እኔ እንደ ሙያዬ ወረቀት አወጣሁና ቀን እየጠቀስኩ በተራ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ።

በአራተኛ ተራ የጻፍኩትን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። አንድ ጠዋት አባቴ ቤት ስሄድ በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ በወለሉ ሴራሚክ መስመር ላይ፣ አንዱን እግሩን ከሌላው ፊት እያደረገ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ብቻውን ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ሲያየኝ ደንገጥ ብሎ ቆመና «ጫማዬን ልሞክር ብዬ ነው» አለ። በባዶ እግሩ ነበር። ምንም ሳልጠይቀው ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ጻፍኩት።

ወረቀቱን ፊቱ ሳስቀምጥለት መነጽሩን አደረገ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ በአራት አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እሺ» አለ።

ሌላ ቃል አልወጣውም። ይህ በሻይ ውስጥ ስላለ ስኳር ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነው። ዝምታውን እንደ ፊርማ ቆጠርኩትና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

መኪናዋ እንድትሸጥ ወሰንን፤ ገዢም ተገኘ። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፦ ቆሽሻ አትሸጥ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እኔ እየነዳሁ፣ እሱ ሕይወቱን ሙሉ ተቀምጦበት በማያውቀው በተሳፋሪው ወንበር ላይ ሆኖ፣ ወደ ላቫጆው ሄድን። መንገድ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መኪናዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። እኔም መሪውን ወደ ቀኝ እየሳብኩ እመልሳታለሁ። ታዲያ ምን ብዬ አሰብኩ? «አይ አባዬ፣ መኪናዋንም የራሱን አመል አስለመዳት» አልኩ በልቤ። የሰው ልጅ አንዴ ከወሰነ ዓይኑ ምን ያህል እንደሚታወር ለማወቅ የሚፈልግ እኔን ያናግር።

እትዬ ለምን ሳጥኗ ላይ ሆና አየችን። «አባባ፣ ዛሬ ምነው በዚያ በኩል ወረዱ?»

«ሹፌር ቀጥሬያለሁ» አለ አባቴ። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ አልታዘዘለትም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቀኙን ጎማ መታ መታ አደረገውና «ልትሸጥ ነው። ለሚገዛት ሰው ንገሪልኝ፣ ይሄ ጨዋው ነው፤ ወልውዬውም ሳልወለውለውም ያው ነው። ያኛውን ግን በየቀኑ ካልተቆጡት አይሆንም» አላት።

ውሃ የሚረጨው ሰውዬ ቧንቧውን ይዞ ቀረበ።

«ቁም!» አለችው እትዬ ለምን። ብድግ ብላ ቆማለች። ቆማ ሳያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። «አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ጨዋ የሆነው?»

«እንጃ። አንድ ዓመት ይሆነዋል።»

«ለምን?»

«ምን ለምን አለው? ጨዋ ጨዋ ነው።»

«የለም፣ ለምን?» አለች። «ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ነው የሚሮጡት። እኩል ነው የሚቆሙት። ታዲያ አንዱ ጥቁር ሲሆን ሌላው ለምን ይነጣል?» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ወንድሜ፣ ይህችን መኪና ሳምንት ሙሉ እንዳታሳጥባት። ቀስ እያልክ ንዳት፣ ብዙ አትፍጠን፣ ሰው አትጫን። የዛሬ ሳምንት እዚሁ አምጣልኝ።»

«ገዢው የዛሬ ሳምንት ከሰዓት ይመጣል» አልኩ።

«አንተ ጠዋት ና።»

እውነቱን ለመናገር ደሜ ፈላ። ጎማ አጣቢ ለእኔ ቀጠሮ ትሰጠኛለች? ግን ነገሩ ከነከነኝ። ጫማዬን ሁለት ቀን ያሳየችኝ ሴት ናት። እሺ አልኩ።

ከመሄዳችን በፊት አባቴ ዘንድ ቀርባ እጇን ዘረጋች። «ጨርቁን ይስጡኝ አባባ። ካልሰጡኝ ይወለውሉታል።»

አባቴ አየኝ። ከዚያ ከኋላ ኪሱ ያቺን ያረጀች ቢጫ ጨርቅ መዥረጥ አድርጎ ሰጣት። በአንድ ወር ውስጥ ቁልፉንም ጨርቁንም የቀማነው ሰው ባዶ እጁን ወደ ተሳፋሪው ወንበር ተመለሰ።

ያ ሳምንት ለእሱ ቀላል አልነበረም። ከሥራ ስመለስ መኪናዋን ደጁ ላይ አቆማታለሁ፤ እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ ያያታል። ጎረቤቱ «ምነው ጋሼ፣ መኪናዋ እንዲህ ሆና አታውቅም፣ አመምዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። እህቴ ደወለችና «መኪናዋንም መጥረግ ተወ አሉ፤ በአምስተኛ ተራ ጻፈው» አለችኝ። ብዕሩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት ያን ጊዜ አላወቅኩም። ምናልባት መኪናዋን ልወስድ ስመጣ ጎማዎቹን በየጠዋቱ ማየት ስለጀመርኩ ይሆናል። እኔ፣ ጎማ ምን እንደሚመስል ጠይቀውኝ የማልመልሰው ሰውዬ፣ በረቡዕ ቀን ከቢሮ በፊት ጎንበስ ብዬ ቸርኬ ሳስተያይ ተገኘሁ። ዱርዬው ጠቁሯል። ጨዋው ነጭ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። በዋዜማው ዘንቦ ነበር። አባቴ «አልመጣም፣ እዚያ ሄጄ ምን ላደርግ» ብሎ ቀረ። እኔ ብቻዬን፣ በየመብራቱ እየቆምኩ፣ ላቫጆው ገባሁ። እትዬ ለምን በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ያን የቧንቧ ሰውዬ ዘወር አደረገችው። ከአሮጌ አንሶላ የተቀደዱ ሁለት ነጭ ጨርቆች ይዛለች። አርጥባ አንዱን በግራው ቸርኬ ውስጥ አዞረችው፤ ከሰል የነካ መስሎ ወጣ። ሌላውን በቀኙ አዞረችው። ትንሽ የመንገድ ጭቃ ይዞ መጣ፣ ሌላ ምንም።

«አሁን ወደዚህ ጎንበስ በል» አለችኝ። «በቀዳዳው ዲስኩን እየው። ትናንት ዘንቧል፣ ሁለቱም ዝገው ነው ያደሩት። ዛሬ ጠዋት ስንት ጊዜ ፍሬን ያዝክ?»

«ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይሆናል።»

የግራው ዲስክ ያብረቀርቃል። የቀኙ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው፤ የዛሬ ቡናማ ብቻ አይደለም፣ ውፍረት አለው፣ ተቀራርፏል። ማንም አልጠረገውም። ማንም አልጨበጠውም።

ከሷ አፍ ከመስማቴ በፊት ገባኝ፤ ግን ሰው እንዲነግረኝ ፈለግሁ።

መንገዱን ተሻገርን። ፍሬን ሠሪው ክሪክ አድርጎ ጎማውን ፈታው። ዲስኩን የሚያስጨብጠውን ፒስተን በመሣሪያ ገፋው፤ አልነቃነቅ አለ። መዶሻ አነሳ፣ መታ፣ አሁንም እምቢ። ዝገቱን በጥፍሩ ጫረና አፍንጫው ሥር አድርጎ አየው።

«ይሄ ፍሬን ሞቷል። የሚያቆማት ያኛው ብቻ ነው። በያዝክ ቁጥር ወደ ግራ ትስብሃለች አይደል?»

«አዎ» አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሞተው?»

«ዝገቱ ያረጀ ነው። ከዓመት አያንስም።» ከዚያ እጁን እየጠረገ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህችን መኪና በዚህ ፍሬን ዓመት ሙሉ ሰው ሳይገጭ የነዳት ማን ነው? አንተ ነህ?»

«አባቴ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባ ሁለት።»

ፍሬን ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለእትዬ ለምን «እጁ ይባረክ። በጉልበትና በእጅ ነው መስመር ላይ ያቆያት» አላት። ከዚያ ሰው አፍ ምስጋና ሲወጣ የዚያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ የመጀመሪያውን ቀን አየሁ፤ ዓመት ከአንድ ወር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተራ ቁጥሮች ግራ፣ ግራ፣ ግራ ይላሉ። በገዛ እጄ ጽፌው አላነበብኩትም ነበር።

«አባባን አምጣቸው» አለችኝ እትዬ ለምን። ሊገዛ መጥቶ እንዳይጉላላ ገዢውን እዚያው ሆኜ ደወልኩና «አትምጣ» አልኩት።

አባቴን በታክሲ አመጣሁት። ፍሬን ሠሪው ፒስተኑን ነቅሎ አጽድቶ፣ ዲስኮቹን አለስልሶ፣ ለሁለቱም የፊት ጎማዎች አዲስ ሸራ ገጥሞ ጨርሶ ነበር። እትዬ ለምን ከአባቴ ፊት ቆመች። ሻሹን ከአፏ አውርዳዋለች።

«አባባ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ሲመጡ ሳልጠይቀው አጥቤዋለሁ። እርስዎ ደጅዎ ላይ ይጠርጉታል፣ ያ ሰውዬ በቧንቧ ያጥበዋል፣ እኔ አሳምረዋለሁ። ሦስታችን ተባብረን ደበቅነው። ሥራዬ ነበር እኮ፤ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

«ምኑን ነው የምትለው?» አለ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ።

ነገርኩት። ከቀኙ ጎማ የወጣውን የዛገ አሮጌ ሸራ አሳየሁት። በእጁ ይዞ አገላብጦ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ቅዳሜ ሰው የማያልፍበት ቀጥ ያለ መንገድ አለ። አባቴ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ እትዬ ለምን ከኋላ። አዲስ ሸራ ቀስ ተብሎ ይለመዳል ብሎ ፍሬን ሠሪው ስላስጠነቀቀን መጀመሪያ ለስለስ እያደረገ ደጋግሞ ያዘ። ኋላ ጠንከር አድርጎ ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። እንደገና ነዳ፣ እንደገና ረገጠ፣ ቀጥ። በሦስተኛው በዝግታ ሄደና ሁለቱንም እጁን ከመሪው አንስቶ ረገጠ። ከመሃል መስመሩ አንድ ጣት አልተዛነፈችም።

ሞተሩን አጠፋ። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተመለከታቸው።

«እኔም እኮ አምኛችሁ ነበር» አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መንገዱ አየ።

«ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ መስመሯን ይዤ እሄድ ነበር። አርባ ሁለት ሴራሚክ ነው፤ እየቆጠርኩ። አንድ ቀን እንኳ አልሳትኩም። ታዲያ መሪ ስይዝ ለምን እስታለሁ? ጭንቅላቴ ነው ማለት ነው፣ እያለቅኩ ነው ማለት ነው አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ተሸክሜ፣ የራሴን የልጅ ልጅ ልገድል? ቁልፉን ዝም ብዬ የሰጠሁህ ለዚህ ነው።»

አራተኛ ተራ። ከሁሉም ይበልጥ ያስረዳል ብዬ በቀይ ያሰመርኩበት።

«ለምን አልነገሩትም ታዲያ?» አለች እትዬ ለምን ከኋላ፣ ቀስ ብላ።

አባቴ በስፖኪዮው አያት። «እሱ ወረቀት ይዞ መጣ። ለወረቀት ምን ይባላል? ማንም አልጠየቀኝም ልጄ።»

ይቅርታ በማለት ፈንታ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ቀደድኩት። ያ እንኳ ምንም ያህል እንዳልሆነ አውቄዋለሁ፤ ወረቀት መቅደድ ለእኔ ቀላል ነው። ከኋላችን ያለችው ሴትዮ ትጠብቃለች። እኔን ነው የምትጠብቀው።

«አባዬ» አልኩት። «ሌላስ? ያልጠየቅኩህ ምን አለ?»

ዞር ብሎ አየኝ።

«ብዙ አለ» አለና መኪናዋን አስነሳ።